የፀደዩ ልምምድ ሲያበቃ፦ ለአንድ ቦታ የሚፎካከሩ ሁለት ወጣቶች

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ውድድር የሚጀመረው በነሐሴ ወር መጨረሻ ነው። ይሁንና የበርካታ ቡድኖች የዓመቱ ዕጣ ፈንታ መለየት የሚጀምረው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ በሚካሄደው የፀደይ ልምምድ ነው። በዚህ ወቅት ከሁሉም ይበልጥ የሚያነጋግረው ጉዳይ ደግሞ ኳርተርባክ ለሚባለው ቦታ ማን ይመረጣል የሚለው ጥያቄ ነው።

የአሜሪካ እግር ኳስ በአገራችን ከሚታወቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ጫፍና ጫፏ የሾለ ኳስ በእጅ ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር ወደ ተጋጣሚ ክልል መግፋትን ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። የማጥቃቱ መሪ ኳርተርባክ ሲሆን፣ ኳሷ በአብዛኛው በቅድሚያ የምትደርሰው በእርሱ እጅ ነው። የአሰልጣኙን ትእዛዝ ለጓደኞቹ ያስተላልፋል፤ የተከላካዮችን አሰላለፍ ይመረምራል፤ ከዚያም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ኳሷን ለማን እንደሚወረውር ይወስናል።

በሌሎች ቦታዎች አሰልጣኞች ተጫዋቾችን እያፈራረቁ ማሰለፍ ይችላሉ። ኳርተርባክ ግን እንደ ግብ ጠባቂ ነው። አንዱ ሲሰለፍ ሌላው ከሜዳ ውጭ ቆሞ ይመለከታል። ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ በቆየው ደንብ መሠረት አንድ ተማሪ በአምስት ዓመት ውስጥ መወዳደር የሚችለው ለአራት የውድድር ዘመን ብቻ በመሆኑ፣ ቆሞ የሚመለከትበት እያንዳንዱ ዓመት የማይመለስ ጊዜ ነው።

የብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ለፀደይ ልምምድ የፈቀደው 15 ቀን ብቻ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በማጠቃለያው ቡድናቸውን ለሁለት ከፍለው፣ ተመልካች በተገኘበት የእርስ በርስ ግጥሚያ ያካሂዳሉ። አሰልጣኞች የየዕለቱን ልምምድ በቪዲዮ ቀርጸው የተፎካካሪዎቹን የውርወራ ትክክለኛነት፣ የውሳኔ ፍጥነት፣ ኳስ ለተጋጣሚ አሳልፎ ያለመስጠት ጥንቃቄና ጓደኞቻቸውን የመምራት ብቃት ይመዝናሉ።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ጉድለት አለው። ኳርተርባኮች ለጉዳት እንዳይጋለጡ በልምምድ ጊዜ የተለየ ቀለም ያለው መለያ የሚለብሱ ሲሆን፣ ተከላካዮች በእነርሱ ላይ እንዲወድቁ አይፈቀድም። በመሆኑም ተጫዋቹ ተጋጣሚ ከየአቅጣጫው ሲመጣበት ምን ያህል እንደሚረጋጋ በፀደይ ሙሉ በሙሉ ማወቅ አይቻልም። ከዚህም በተጨማሪ ከቡድኑ ምርጥ ተጫዋቾች ጋር ተሰልፎ የሚለማመደው፣ ከተጠባባቂዎቹ ጋር ከሚለማመደው የተሻለ ሆኖ መታየቱ አይቀርም።

የፀደዩ ልምምድ ሲያበቃ አሰልጣኙ ሁለት አማራጮች ይጠብቋቸዋል። አሸናፊውን ወዲያውኑ ቢያሳውቁ፣ የተመረጠው ወጣት ክረምቱን በሙሉ በመሪነት መንፈስ ይዘጋጃል፤ ቡድኑም ማንን እንደሚከተል ያውቃል። ነገር ግን ተሸናፊው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል። ውሳኔውን ቢያዘገዩ ሁለቱንም ያቆያሉ፤ ፉክክሩም ይቀጥላል። ሆኖም ቡድኑ በሁለት ልብ ይከርማል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚለው ብሂል እዚህም የሚሠራ ቢሆንም፣ መዘግየትም የራሱ ዋጋ አለው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የፀደይ ወቅት በሁለት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተከሰተው ሁኔታ ጉዳዩን በሚገባ ያስረዳል። የመጀመሪያው በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የታየው ነው። ጆ በሮው በ2017 ውድድሩ ሊጀመር ሲቃረብ እጁ ላይ ስብራት ደርሶበት ስለነበር፣ የመጀመሪያ ተጠባባቂነቱን ቦታ ድዌይን ሃስኪንስ ያዘ። ሃስኪንስም በዓመቱ መጨረሻ ከሚሺጋን ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ገብቶ ቡድኑን ለድል አበቃ። በቀጣዩ ፀደይ ሁለቱ ወጣቶች ለቋሚ ተሰላፊነት ተፎካከሩ። ልምምዱ ሲጠናቀቅ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘው በሮው፣ በግንቦት 2018 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ።

የኦሃዮ አሰልጣኞች ምርጫ ስህተት ነበር ለማለት አይቻልም። ሃስኪንስ በዚያው የውድድር ዘመን 50 ተችዳውን ያስገኙ ኳሶችን በመወርወር የብቃቱን ልክ አሳይቷል። ጥሎ የሄደው በሮው ደግሞ በ2019 የውድድር ዘመን 60 ተችዳውን ያስገኙ ኳሶችን ወርውሮ፣ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ሽልማት ተቀዳጀ። ቡድኑም 15 ጨዋታዎቹን በሙሉ አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው ፉክክሩ የሁለቱን ቅደም ተከተል ቢወስንም፣ የተሸናፊውን የችሎታ ጣሪያ ያልለካ መሆኑን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጄለን ኸርትስ በቋሚነት ከተሰለፈባቸው 28 ጨዋታዎች 26ቱን ያሸነፈ ኳርተርባክ ነበር። ይሁን እንጂ በጥር 2018 ከጆርጂያ ጋር በተደረገው የሻምፒዮናው ፍፃሜ ቡድኑ የመጀመሪያውን አጋማሽ 13 ለ 0 ሲመራ፣ አሰልጣኝ ኒክ ሳባን በጀማሪው ቱዋ ታጎቫይሎዋ ቀየሩት። ቱዋም ቡድኑን በጭማሪ ጊዜ 26 ለ 23 ለሆነ ድል አበቃ።

በተከታዩ ፀደይ ቱዋ የሚወረውርበት እጁ ላይ ጉዳት ስለደረሰበት ሁለቱን በእኩል መመዘን አልተቻለም። ሳባንም ውሳኔያቸውን ውድድሩ እስኪጀመር ድረስ አዘገዩ። በመጨረሻ የተመረጠው ቱዋ ነበር። ኸርትስ ግን ዩኒቨርሲቲውን ሳይለቅ በተጠባባቂነት ቆየ። በታኅሣሥ 2018 በአትላንታ ከዚያው ከጆርጂያ ጋር በተካሄደው የክልሉ ፍፃሜ ቱዋ ተጎድቶ ሲወጣ፣ ኸርትስ ገብቶ 28 ለ 21 ይመራ የነበረውን ቡድን 35 ለ 28 እንዲያሸንፍ አስቻለ። ከዚያ በኋላ በዲግሪ ተመርቆ ወደ ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ አመራ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ ከፊላደልፊያ ኢግልስ ጋር የሱፐር ቦውል ሻምፒዮን ለመሆንና የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ለመመረጥ በቅቷል።

ከእነዚህ ዓመታት ወዲህ ደንቦቹ በእጅጉ ተለውጠዋል። ከ2021 ጀምሮ ተማሪ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ በዚያው ዓመት ያለ አንድ ዓመት ዕገዳ የመዛወር መብትም ተሰጥቷቸዋል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ሊከፍሏቸው ይችላሉ። በመሆኑም የፀደዩ ፉክክር ከክብር ባሻገር የገንዘብ ጉዳይም ሆኗል።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ የፀደዩን የዝውውር መስኮት በማስቀረት፣ ዝውውር በጥር ወር ብቻ እንዲካሄድ ወስኗል። ልዩ ሁኔታዎች እንደተጠበቁ ሆነው፣ በሚያዝያ ቦታውን ያጣ ተጫዋች እንደ በሮው በግንቦት ሌላ በር ማንኳኳት አይችልም፤ ቢያንስ እስከ ዓመቱ ፍፃሜ እንደ ኸርትስ በተጠባባቂነት መቆየት ይኖርበታል። ለአሰልጣኞች ይህ እፎይታ ነው። አሸናፊውን በግልጽ ቢያሳውቁ ሁለተኛውን ወዲያው የማጣት ስጋታቸው ቀንሷልና። ለወጣቱ ግን ከውድ ዓመታቱ አንዱን በትዕግሥት መክፈል ማለት ነው።

የአስራ አምስት ቀን ልምምድ በዕለቱ ማን እንደሚቀድም ሊያሳይ ይችላል። ማን የት እንደሚደርስ ግን የሚለየው ተሸናፊው ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ በሚያደርገው ዝግጅት መሆኑን የሁለቱ ወጣቶች ታሪክ ያረጋግጣል።