ዳጣ በሞላበት ቤት ዳታ ሲያልቅ

በእኛ በወላይታ ሶዶ ቤት ዳጣ አይጠፋም። እንግዳ ሲመጣ ሥጋው ቢዘገይ እንኳ ዳጣው ቀድሞ ይቀርባል። የሚጠፋው ዳታ ነው። ይህን ቀልድ የነገረችኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ስትነግረኝ ግን እየሳቀች አልነበረም።

ልጅቷ በኮምፒውተር ትምህርት ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ስንት ቦታ አመልክታ በመጨረሻ ቤቷ ሆና የምትሠራው ሥራ ያለው አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ በቪዲዮ ጠራት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የስልኳን ሆትስፖት ከፍታ ላፕቶፗ ፊት ተቀመጠች። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ምስሉ ደረቀ፣ ድምፁ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ተመልሳ ስትገባ ጠያቂዎቹ ወጥተዋል። «አጎቴ፣ ጥያቄውን እኮ አውቀዋለሁ» አለችኝ። ምን ይባላል?

በማግስቱ «ለቤት የትኛውን ኢንተርኔት እናስገባ?» ብለን ቁጭ አልን።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በገባበት በ1989 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። ሞደሙ በስልክ መስመሩ ላይ ይሰካል፣ እየጮኸ ይደውላል፣ ኢንተርኔት ሲከፈት ስልኩ ይያዛል፤ አለቀ። በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገር አቀፍ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር በሞባይል በኩል ሁለተኛ አማራጭ መጣ። ምርጫ ሲበዛ ታዲያ ግራ መጋባቱም አብሮ ይበዛል።

እንደኔ ቴክኖሎጂ ለሚከብደው ሰው ነገሩን በሦስት ልክፈለው።

አንደኛው በድሮው የቤት ስልክ ሽቦ፣ በመዳብ ላይ የሚመጣው ነው። ጠባዩ አንድ ነው፤ ከቴሌው ጣቢያ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ከራቃችሁ ድካሙ በግልጽ ይታያል። ክረምት ላይ መጋጠሚያው ውኃ ከገባበት ደግሞ መንጫጫት ይጀምራል።

ሁለተኛው ፋይበር ነው። እንደ ፀጉር በቀጠነ መስታወት ውስጥ መረጃው በብርሃን ስለሚጓዝ በከተማ ውስጥ ያለ ርቀት አያደክመውም፣ ዝናብም አያስጨንቀውም። ለቤት ከሁሉም የሚመረጠው እሱ ነው፤ ችግሩ በደጃፋችሁ ማለፍ አለማለፉ ላይ ነው። መንገድ ሲቆፈር ከተበጠሰም ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይቋረጣል።

ሦስተኛው ሲም ካርድ የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ነው። ገመድ የለውም፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት ላይ ሰክቶ መጀመር ነው። ነገር ግን አንዱን ማማ ሰፈሩ ሁሉ ይካፈለዋል። ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት ድርሻችሁ ይቀንሳል። የዳሞታ ተራራ ግርጌ ላይ የተቀመጠችው ከተማችን ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት አላት፤ ጉብታ ከማማው ሲጋርዳችሁ ጉልበቱ ይዳከማል። የቤታችን ቆርቆሮም ሞገድ ይመልሳል።

በሰፈራችን የመስመር ጥገና የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። ምክር ስጠይቀው «ጋሼ፣ ማስታወቂያውን ይተዉትና ጎረቤትዎን ይጠይቁ» አለኝ። እውነቱን ነው። ከእናንተ ጋር በአንድ ምሰሶ መስመር የሚወርድለት ሰው የሚነግራችሁን የትኛውም ወረቀት አይነግራችሁም። ሲሞክሩም ማታ ይሞክሩ ብሎ አከለልኝ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ኢንተርኔት ጎበዝ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ልጅቷ አስተማረችኝ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ፍጥነት በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል የምንለካው ግን በሜጋ ባይት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ «10 ሜጋ» የተባለው በሰከንድ የሚያወርደው 1.25 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ተታለልን ከማለት በፊት ይህን ማወቅ ጥሩ ነው። ሁለተኛው፣ ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ ማውረጃው ፍጥነት ነው። በቪዲዮ ፊቷን የሚያሳያት፣ የሠራችውን የሚልክላት ግን መጫኛው ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

እኛ ምን አደረግን? ፋይበሩ ዋናው መንገድ ላይ ደርሷል፤ ወደ እኛ ቅያስ አልገባም። የመዳቡ ሽቦ አለ፣ ግን ጎረቤታችን እትዬ «ክረምት ላይ ተስፋ አትቁረጡበት እንጂ አትመኑበትም» አሉን። ስለዚህ የ4ጂ ራውተር ከዘመድ ተውሰን፣ የሁለቱንም ኩባንያ ሲም እያፈራረቅን ሦስት ምሽት ለካን። ቁጥሩን በደብተር ጻፍን። ያስገረመን የኩባንያዎቹ ልዩነት አይደለም፤ የቦታው ነው። ሳሎን መሃል 3 ሜጋ ቢት የነበረው፣ ማማው በሚታይበት መስኮት ላይ ስናስቀምጠው 14 ሆነ። ያው ሲም፣ ያው ሰዓት!

ስለዚህ ራውተሩን ገዝተን መስኮቱ ላይ ሰቀልነው። የሌላውን ኩባንያ ሲም በስልኳ መጠባበቂያ አድርጋ ያዘች። መብራት ሲሄድ ራውተሩን የምታቆም ትንሽ ባትሪም ጨመርን፤ ፋይበር ይሁን 4ጂ፣ ቤት ያለችው ሳጥን ያለ መብራት አትሠራምና። ለፋይበሩም ተመዝግበን ተራ እንጠብቃለን።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ልጅ ብቻ አይምሰላችሁ። ታናሽ ወንድሟ በሚቀጥለው ዓመት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናውን በኦንላይን የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ። አረካና ቦዲቲ፣ ከዚያም አልፎ ገጠር ቀበሌ ያለው ልጅ ከነዚህ ሦስቱ የሚመርጠው ላይኖረው ይችላል። የትኛው ይሻላል ብሎ መጨነቅም ዕድል ነው ለካ።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ልጅቷን ሌላ ድርጅት ጠራት። እኛ ኩሽና ተቀምጠን ስልካችንን ሁሉ ከዋይፋዩ አውጥተን እንጠብቃለን። 47 ደቂቃ አወሩ፤ አንዴም አልተቆረጠም። ሥራውን ይስጧት አይስጧት ገና አልታወቀም። ካልሰጧትም ግን በመልሷ ነው እንጂ በመስመር አይደለም።