የመልእክት ማኅተም
ነጋዴዎች ስለ ምስጠራ፥ ስለ ሃሽና ስለ መልእክት ማረጋገጫ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች



ከጥቂት ዓመታት በፊት በገና ሰሞን አንድ ገዢ ከአዲስ አበባ ወደ ዘመሮ መጥቶ ከአሠሪዬ ዘንድ ሃያ ሁለት የመንዝ በጎች ተረከበ። ዋጋው ከዋዜማው ጀምሮ በስልክ የተቆረጠ ስለ ነበር፥ በጎቹ በአይሱዙ ላይ እየተጫኑ ሳሉ ሰውየው፥ «ገንዘቡን ከመሐል ሜዳ ሳልነሣ አስተላልፌአለሁ» ብሎ በስልኩ ላይ ያለውን የባንክ ደረሰኝ አሳየን። የአሠሪዬ ስም፥ የሒሳቡ ቁጥር መጨረሻ፥ የገንዘቡ ልክ፥ ቀኑና የማስተላለፊያው ቁጥር በየቦታቸው ሰፍረዋል። በዚያን ዕለት የስልክ መስመር ከጧት ጀምሮ ተቋርጦ ስለ ዋለ በእኛ በኩል የምናመሳክርበት መንገድ አልነበረም። እኔም ጸሐፊው ደረሰኙን ተመልክቼ «ትክክል ነው» አልሁ። መኪናውም ሄደ።

በማግሥቱ መስመሩ ሲመለስ በሒሳቡ ውስጥ የገባ አንድ ብር እንኳ አልተገኘም። ወደ ባንክ ሄደን ብንጠይቅ፥ የማስተላለፊያው ቁጥር በመዝገብ ያለ እውነተኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ ከአሠሪዬ ሒሳብ ጋራ ግን አንዳችም ግንኙነት የሌለው፥ የሌላ ሰው የቆየ ማስተላለፊያ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሉ ብቻ ተቀይሮ ነበር። አሠሪዬ አልተቆጡም። «አንተ ምን ታደርግ፥ ወረቀቱ ራሱ ዋሸ» አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው ከቁጣ ይልቅ ስለ ቆረቆረኝ፥ ወረቀት እንዳይዋሽ የሚያደርገው ጥበብ ምን እንደ ሆነ ማንበብና መጠየቅ ጀመርሁ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢያችን ነጋዴዎች በዚሁ ጉዳይ ልዩ ልዩ ጥያቄ ስለሚያቀርቡልኝ፥ ደጋግመው የሚጠይቁኝን በዚህ ገጽ ለመመለስ እሞክራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ፥ «ባንኮች መልእክታችን በምስጠራ የተጠበቀ ነው ይላሉ፤ ታዲያ እንዴት ተታለልን?» የሚለው ነው። መልሱ፥ ምስጠራ የሚሠራው ሥራና እኛ ከእርሱ የምንጠብቀው ሥራ የተለያዩ መሆናቸው ነው። ምስጠራ መልእክቱን ይሰውራል፤ ቁልፍ የሌለው ሰው እንዳያነበው ያደርጋል። ሃሽ የሚባለው ደግሞ አንዳች ነገር አይሰውርም፤ ከመልእክቱ አንድ አጭር አሻራ ያወጣል። መልእክት ማረጋገጫ የተባለው ግን መልእክቱን የላከው ማን እንደ ሆነና በመንገድ አለመለወጡን ይመሰክራል። ገዢው ያሳየን ሥዕል ከሦስቱ አንዱንም አልያዘም። በባንኩና በስልኩ መካከል ያለው መንገድ በብረት የታጠረ ቢሆን እንኳ፥ በሰው እጅ ያለ ሥዕል ያው ሥዕል ነው።

የመልእክት ማረጋገጫን ነገር ለነጋዴ ለማስረዳት ከቴሌግራም ዘመን የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። በዚያ ዘመን ባንኮች ገንዘብ በሽቦ ሲያዝዙ፥ ተቀባዩ ባንክ የላኪውን ፊርማ ሊያይ አይችልም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ባንኮች አስቀድመው በታሸገ ደብዳቤ የምስጢር ቁጥሮች ይለዋወጡና፥ ላኪው በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ከገንዘቡ ልክ፥ ከቀኑና ከምስጢሩ ቁጥር አስልቶ የሚያገኘውን አንድ የመፈተኛ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ተቀባዩም ያንኑ ስሌት በራሱ ሠርቶ ቁጥሩ ከገጠመ ይከፍላል፤ ካልገጠመ ያቆማል። በ1973 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በብራስልስ የተቋቋመው ስዊፍት የተባለው የባንኮች ማኅበር በ1977 ሥራ ከጀመረ በኋላ ይህ የእጅ ስሌት ቀስ በቀስ ለመኪና ስሌት ቦታውን ለቀቀ።

እንግዲህ አሠሪዬና የአዲስ አበባው ወኪላቸው 7,319 በሚባል የምስጢር ቁጥር ተስማሙ እንበል። አሠሪዬ በ14ኛው ቀን፥ በ4ኛው ወር፥ በትእዛዝ ተራ ቁጥር 27 ለገብስ ሻጭ 45,600 ብር ይከፈል ብለው ይጽፋሉ። ሁሉንም ከምስጢሩ ቁጥር ጋራ ስንደምር 52,964 ይሆናል፤ ይህም በመልእክቱ መጨረሻ ይሰፍራል። በመንገድ ላይ አንድ ሌባ 45,600ን 95,600 ቢያደርገው፥ ወኪሉ ሲደምር 102,964 ስለሚያገኝ መልእክቱ ወዲያው ይወድቃል። የተራ ቁጥሩም ያለ ምክንያት አልገባም፤ ሌባው ያንኑ እውነተኛ መልእክት በማግሥቱ ደግሞ ቢልከው፥ 27 ተከፍሎ በመዝገብ ስለ ተሰረዘ ሁለተኛ አይከፈልም።

ነገር ግን አስተዋይ አንባቢ ጉድለቱን ሳያገኘው አይቀርም። ሌባው ምስጢሩን ሳያውቅ እንኳ ገንዘቡን በ50,000 ከፍ ካደረገ፥ የመፈተኛውንም ቁጥር በ50,000 ከፍ ቢያደርገው ስሌቱ ይገጥማል። እኔም ይህን ዘዴ ለአሠሪዬ በኩራት ካስረዳሁ በኋላ ጉድለቱን ያገኙት እርሳቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤት የገቡ ሰው ግን አይደሉም። ስለዚህ ድምር ብቻውን አይበቃም፤ የመልእክቱ እያንዳንዱ ፊደልና የምስጢሩ ቁልፍ ሊነጣጠሉ በማይችሉበት አኳኋን መቦካት አለባቸው። ይህን የሚሠራው ሃሽ ነው።

ሃሽ ማንኛውንም ጽሑፍ፥ አንድ መስመርም ይሁን አንድ ሙሉ መዝገብ፥ ተቀብሎ ቋሚ ርዝመት ያለው አሻራ ይሰጣል። ዛሬ በብዙ ሥራ ላይ ያለው ሻ-256 የተባለው ስልት የሚሰጠው አሻራ ርዝመቱ 256 ቢት ነው፤ በተለመደው አጻጻፍ 64 ምልክት ይሆናል። ከመልእክቱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ከአሻራው እኩሌታ የሚያህለው ይለወጣል፤ ከአሻራው ተነሥቶም ወደ መልእክቱ የሚመለስበት መንገድ አይታወቅም። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሃሽ ብቻውን ማኅተም አይደለም። ስልቱ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ፥ መልእክቱን የለወጠ ሌባ አዲሱን አሻራ ራሱ አስልቶ ከሥሩ ሊለጥፈው ይችላል። ማኅተም የሚሆነው ምስጢር ቁልፍ ሲገባበት ነው። ሚሂር ቤላሬ፥ ራን ካኔቲና ሁጎ ክራውቺክ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት በ1996 ያወጡት ኤችማክ የተባለው ስልት ቁልፉን ከመልእክቱ ጋራ አንድ ጊዜ፥ ከውጤቱ ጋራ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አስገብቶ ያሻል። የአሠሪዬ ተቃውሞ በዚህ ላይ አይሠራም።

«አሻራዎችስ አይገጥሙም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ አንድ የእህል ነጋዴ አሉ። መግጠምስ ይገጥማሉ፤ ጥያቄው ሰው ፈልጎ ሊያገጥማቸው ይችላል ወይ ነው። ኤምዲ5 የተባለው አሮጌ ሃሽ በ2004 ዋንግ ሺያዩን በተባሉ ቻይናዊት ሊቅና በባልደረቦቻቸው እጅ ወደቀ። ሻ-1 የተባለው ደግሞ በ2017 ይዘታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሁለት ሰነዶች አንድ ዓይነት አሻራ ይዘው በታዩ ጊዜ አበቃለት። ከዚህ በኋላ በእነዚህ ሁለቱ የተፈረመ ውል የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢኖር በሻ-256 እንዲለውጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት፥ «መልእክቱ ከተመሰጠረ ማን ሊለውጠው ይችላል?» ማለት ነው። ይቻላል። አንዳንድ የምስጠራ ስልቶች እያንዳንዱን ፊደል በየቦታው ስለሚሰውሩ፥ የገንዘቡ አኃዝ በስንተኛው ቦታ እንዳለና ቁጥሩም ስንት እንደ ሆነ የገመተ ሰው ቁልፉን ሳያውቅ፥ መልእክቱንም ሳያነብ 1ን ወደ 9 ሊለውጠው ይችላል። የተቆለፈ ሣጥንና የታሸገ ሣጥን አንድ እንዳልሆኑ ልብ ይሏል። ስለ ሆነም የዛሬ አሠራር ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ነው።

ስልቱ ለሕዝብ ከተገለጠ ሌባውስ አያውቀውም ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን ባጭሩ እመልሰዋለሁ። ጓጉንቸር እንዴት እንደሚሠራ የዘመሮ ቀጥቃጭ ሁሉ ያውቃል፤ ይህን በማወቁ ግን የማንንም መጋዘን አይከፍትም። ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባሉት ሰው በ1883 እንደ ጻፉት፥ ከቁልፉ በቀር ሁሉ ነገር በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ስልቱ መጽናት አለበት። በ2001 ለዓለም የተሰጠው ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ስልት ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ሪመን የተባሉ ሁለት የቤልጅግ ሊቃውንት ሥራ ሲሆን፥ ማንም ያነበው ዘንድ የታተመ ነው። የሚወስነው የቁልፉ ርዝመት ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ዴስ የተባለው የ1977 ስልት ቁልፉ 56 ቢት ብቻ ስለ ነበር፥ ከ72 ሺህ ትሪሊዮን የሚበልጡ ቁልፎች ቢኖሩትም በ1998 አንድ ለዚሁ ሥራ የተሠራ መኪና በ56 ሰዓት ቁልፉን አገኘው። የኤኢኤስ ቁልፍ ከ128 ቢት አያንስም።

«ባንኩ የምስጢር ቁጥሬን ያውቀዋልን?» ለሚሉ ደግሞ፤ በሚገባ የተደራጀ ድርጅት የይለፍ ቃላችሁን አሻራ እንጂ ቃሉን ራሱን አይዝም። ስለዚህ ብትረሱት አዲስ እንድታወጡ ያደርጋል እንጂ የድሮውን አይነግራችሁም። የድሮውን አንብቦ የሚነግራችሁ ቢኖር፥ ገንዘባችሁን ሌላ ስፍራ አድርጉት። ሆኖም ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ሁሉ ተደምሮ አንድ ሚሊዮን ብቻ ስለ ሆነ፥ አሻራው የተሰረቀ እንደ ሆነ ሁሉንም ሞክሮ ለማግኘት ለመኪና የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው። ጥበቃው የሙከራው ቁጥር በመወሰኑና ቁጥሩን ለማንም ባለመንገራችሁ ላይ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁለት ሰዎች አስቀድመው ምስጢር ለተካፈሉበት ሥራ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎችስ? በ1976 ዲፊና ሄልማን፥ በ1977ም ሪቬስት፥ ሻሚርና አድልማን ያስገኙት ጥበብ ለዚህ መልስ ሰጠ። አንድ ሰው ሁለት ቁልፍ ይኖረዋል፤ አንዱን በምስጢር ይይዘዋል፥ ሁለተኛውን ለሁሉ ያድለዋል። በምስጢሩ የፈረመውን ሁሉም በተገለጠው ይመረምረዋል። የንጉሥ ማኅተም እንዲሁ ነበር፤ ቀለበቱ አንድ፥ ዐትሙን የሚለየው ግን አገር ሁሉ። ነገር ግን የዲጂታል ፊርማ ከሰነዱ አሻራ ላይ ስለሚሰላ፥ ከአንዱ ወረቀት ተነሥቶ በሌላው ላይ ሊለጠፍ አይችልም። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዚህ ፊርማ ሕጋዊ ዋጋ ሲሰጠው፥ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ሰነድንና ውልን ነገር ወስኖአል። ሐሰተኛ ደረሰኝ ሠርቶ የሚያታልለውም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይጠየቃል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈቅድም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣልያንኛ ሲጻፍ፥ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ሊረዱ ይቻላቸዋል ሲል፥ በጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ፊርማው ሐሰተኛ አልነበረም። ክርክሩ የተቆረጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነው። የትኛውም የሂሳብ ስልት ያን ውል ሊያድነው ባልቻለ ነበር፤ ፊርማ የሚመሰክረው ማን ምን ላይ እንደ ፈረመ ብቻ ነውና። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሽያጭ ውል ሳያስተረጉም በስልኩ የሚፈርም ነጋዴ ይህን ያስታውስ።

ወደ ዕለት ሥራችን ስንመለስ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ በእኛም ገበያ ብዙ ክፍያ በስልክ ሆኖአል። የቴሌብር መልእክት ከ127 ይመጣል፤ አታላዮች ቃሉን እንዳለ ገልብጠው ከተራ ስልክ ቁጥር ይልኩታል። ጥድፊያ ያለበት ሻጭ የላኪውን ቁጥር አያይም። በአጭር መልእክት ራስ ላይ የሚታየው የላኪ ስምም ቢሆን ከላይ እንደ ገለጥነው ያለ ማረጋገጫ የለውም፤ ሌላ አገልግሎት ተጠቅሞ ያንኑ ስም መስሎ መላክ ይቻላል። ስለዚህ እኛ ከመልእክቱ ይልቅ ሒሳባችንን እንጠይቃለን፤ *127# ደውለን፥ ወይም በራሳችን የባንክ መተግበሪያ ገብተን። በደረሰኙ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ቢኖር በገዢው ስልክ አናነበውም፤ በራሳችን ስልክ አንብበን፥ የሚከፈተው አድራሻ የባንኩ መሆኑን እናያለን፤ ሐሰተኛ ምልክት ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊያደርስ ይችላልና።

መስመር በሚቋረጥበት ቀን ከወኪሉ ጋራ የምንሠራበት ደብተር አለን። በየገጹ አስቀድመን የተካፈልናቸው የምስጢር ቁጥሮች ተጽፈውበታል፤ በአንዱ ትእዛዝ የሠራንበት ቁጥር ይሰረዛል፥ ዳግመኛም አይሠራበትም። አንድ ሰው ከወኪሉ ወረቀት ይዞ ሲመጣ እኔ ደብተሬን እከፍታለሁ።

ደብተር የሌለው ገዢ ግን ይጠብቃል። ባለፈው ታኅሣሥ አንድ የደብረ ብርሃን ሰው አሥራ አምስት በጎች ገዝቶ መስመሩ ጠፍቶ ስለ ነበር ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በአሠሪዬ ደጅ ተቀመጠ። በመጀመሪያ ተቆጣ፤ በኋላ ቡና ተፈላለት። አሠሪዬም ዱሮ በሃያ ሁለቱ በጎች የደረሰባቸውን እየነገሩት ሳለ ስልካቸው ጮኸ፤ ገብተን ብናይም ገንዘቡ ደርሶአል። በጎቹም ተጫኑ።