የሽያጭ ገለጻ
የሽያጭ ገለጻ (ፒች) አንድ ነጋዴ፣ ባለሙያ ወይም ድርጅት ገና ደንበኛው ላልሆነ ሰው ወይም ተቋም ምርቱን ወይም አገልግሎቱን አስረድቶ ሥራ ለማግኘት የሚያቀርበው አጭር ንግግር ነው። ብዙ ጊዜ በስላይድ፣ በናሙና ወይም በሠርቶ ማሳያ ይታገዛል። ከማስታወቂያ የሚለየው ለታወቀ አድማጭ በመዘጋጀቱና አድማጩ ወዲያው መጠየቅ በመቻሉ ነው።

ታሪክ
የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል፤ እነሱም የተናጋሪው ታማኝነት፣ የአድማጩ ስሜትና ማስረጃ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 አሜሪካዊው ኤሊሻ ኦቲስ በኒው ዮርክ በተካሄደ ኤግዚቢሽን ከፍ ባለ ሊፍት ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ፤ የሠራው ፍሬን ሊፍቱን ከመውደቅ ስለያዘው ተመልካቹ በዓይኑ አይቶ አመነ። በስላይድ ማቅረብን ያስፋፋው ፓወርፖይንት እ.ኤ.አ. በ1987 ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ወጣ፤ በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት አምራቹን ኩባንያ በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

አዘገጃጀት
የተለመደው ቅደም ተከተል የደንበኛው ችግር፣ መፍትሔው፣ ማስረጃው፣ ዋጋና የውል ሁኔታ፣ በመጨረሻም ቀጣዩ እርምጃ ነው። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ከራሳቸው ታሪክ በመጀመር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ በምሥራቅ ጎጃም የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በሉማሜ የሚገኝ አንድ የወጣቶች ማኅበር አዲስ አበባ ላለ እንጀራ ጋጋሪ ድርጅት ጤፍ ማቅረብ ፈለገ እንበል። «ጤፋችን ጥሩ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ይህን ሁሉም ሻጭ ይለዋል። ጋጋሪው ማወቅ የሚፈልገው ጤፉ ከአፈርና ከገለባ የጸዳ መሆኑን፣ በየወሩ ሳይቋረጥ መድረሱን፣ ማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍልና ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ነው።

መጠኑም አስቀድሞ መሰላት አለበት። ድርጅቱ በወር 40 ኩንታል ቢፈልግ የዓመቱ 480 ኩንታል ይሆናል። ማኅበሩ ያለው 300 ኩንታል ብቻ ከሆነ በወር 25 ኩንታል አቀርባለሁ ማለት ይሻለዋል። ናሙናውም ከሚላከው ጤፍ ጋር አንድ መሆን ይገባዋል። ተለቅሞ የተበጠረ ጤፍ አሳይቶ ሌላ የጫነ ሻጭ የመጀመሪያ ውሉ የመጨረሻው ይሆናል።

ስላይድ
ጋይ ካዋሳኪ ለባለሀብት ለሚቀርብ ገለጻ 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃና ከ30 ነጥብ ያላነሰ ፊደል ይመክራል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ዋናውን ሐሳብ በወረቀት አትሞ መያዝ ይጠቅማል።

በኢትዮጵያ
ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ የመሠረተችው ሶልሬብልስ የጫማ ድርጅት ከጎማ የሚሠራውን የበረባሶ ጫማ ልማድ የምርቱ መለያ አድርጎ ለውጭ አገር ገዢዎች አቅርቧል። በመንግሥት ግዥ ግን አሠራሩ ይለያል፤ ተወዳዳሪው ሐሳቡን የሚያስረዳው በዋናነት በጨረታ ሰነድ ሲሆን፣ ለምክር አገልግሎት ግዥ የቴክኒክና የዋጋ ሐሳብ ለየብቻ ይቀርባል።

ከገለጻው በኋላ
አድማጩ ወዲያው ካልወሰነ አነስተኛ የሙከራ ትዕዛዝ መጠየቅ የተለመደ ነው። በቃል የተባለው መጠን፣ ዋጋና የማስረከቢያ ቀን በጽሑፍ ካልሰፈረ በኋላ ለክርክር በር ይከፍታል።