በማፍላት የማይለየው ውሃ

በጉና ዙሪያ አረቄ የምታወጣ ባለሙያ የጥንስሱን መድረስ በጠረኑ፣ የእሳቱን ልክ በዓይኗ ታውቃለች። ብቅልና ጌሾ የተብላላበት ድፍድፍ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በሸምበቆ ወርዶ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው መቀበያ ይጠራቀማል። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን የሚወርደው ከድፍድፉ የበረታ ነው። መልሳ ስታወጣው ዳግም አረቄ ይሆናል፤ አልኮሉም 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ፊንጫ ስኳር ፋብሪካም ኢታኖል ሲያመርት በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ጥሬ እቃው ሞላሰስ፣ ማሰሮው ደግሞ ረጅም የብረት ማማ ነው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ሲጀመር ኢታኖሉ የመጣው ከፊንጫ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ።

ማማው የቱንም ያህል ቢረዝም ግን አልኮሉ በክብደት 95.6 በመቶ ገደማ ሲደርስ አልንቀሳቀስ ይላል። እዚያ ላይ በፈሳሹና በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው የውሃ መጠን እኩል ስለሚሆን ቢያፈሉት ቢያፈሉት ምንም አይለይም። የቀረችው ውሃ ጥቂት ናት፤ ለቤንዚን ግን ጠንቅ ናት። ውሃና ቤንዚን አይዋሃዱምና ውሃው አልኮሉን ይዞ ወደ ታንከሩ ታች ይዘቅጣል።

ሜምብሬን የተባለው ማጣሪያ ገለፈት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት ዜዮላይት የተባለ ማዕድን በሴራሚክ ቱቦ ላይ በስሱ ተለብጦ የሚሠራ ገለፈት ነው። ቀዳዳዎቹ 0.4 ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ የውሃ ሞለኪውል ከዚያ ስለሚያንስ ሾልኮ ያልፋል፣ ኢታኖሉ ስለሚበልጥ ይቀራል። ዜዮላይቱ ራሱም ውሃን አጥብቆ ይስባል። ከገለፈቱ ጀርባ ያለው አየር በፓምፕ ሲመጠጥ ያለፈው ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፤ ኢታኖሉም ከ99.5 በመቶ በላይ ጠርቶ ይወርዳል። የሚተነው ያቺ ጥቂት ውሃ ብቻ ስለሆነች ብዙ ሙቀት ይቆጠባል። ፈረንሳይ ውስጥ ቤተኒቪል ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው ፋብሪካ በሌላኛው ዓይነት፣ በፖሊመር ገለፈት፣ በቀን 150,000 ሊትር ያደርቅ ነበር።

ችግሩ ገለፈቱ ውድ መሆኑ ነው። ዜዮላይቱ ተሰባሪ ነው፤ ፖሊመሩም ውሃ ሲበዛበት ያብጣል። ስለዚህ ቦታው ትልልቅ ፋብሪካ እንጂ የአረቄ አውጪዋ ጓሮ አይደለም። ደግሞም ለምድጃ የሚሆን ኢታኖል መድረቅ አያሻውም። ጋያ የተባለው ማኅበር በአዲስ አበባና በቀብሪበያህ የስደተኞች መጠለያ ያስተዋወቀው የኢታኖል ምድጃ ጥቂት ውሃ ያለበትን አልኮል ያለ ጭስ ያነዳል። እንጨትና ኩበት የእናቶችን ዓይን በሚያቃጥልበት ደጋ፣ ምርጫው የእኔ ቢሆን ኢታኖሉን ከመኪናው በፊት ለማድቤቱ አደርሰው ነበር።