ስልክ መቀየር ለምን ከበደን?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከደሴ ደወለልኝና «ጋሼ፣ የላኩልኝ ስልክ የባንኩን አፕ አልጭንም አለኝ» አለ። ስልኩን አምስት ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበት፣ አዲስ ስገዛ ጠራርጌ የላክሁለት ነው። ነገሩ የብዙዎቻችን ቤት ነገር ስለሆነ፣ ሙያዬም ምህንድስና ስለሆነ፣ ምክንያቱን ላስረዳ።

በመጀመሪያ ዋጋውን እንይ። የመጀመሪያው አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲወጣ ባለ 4 ጊጋባይቱ 499 ዶላር ነበር። በ2008 የመጣው አይፎን 3ጂ ግን በ199 ዶላር ተሸጠ። ረክሶ ነውን? አይደለም! ቀሪውን የስልክ አገልግሎት ኩባንያው ከፍሎ፣ በሁለት ዓመት ውል ከወርሃዊ ሂሳባችን ላይ ቀስ እያለ ይለቅመው ነበር። ውሉ ካለቀም በኋላ ሂሳቡ ስለማይቀንስ፣ አሮጌ ስልክ ይዞ መቆየት ኪሳራ ነበር። ስለዚህ ሁላችንም በየሁለት ዓመቱ እንቀይር ነበር።

ቲሞባይል ይህን አሠራር በ2013 ተወው፤ ዋና ዋና ተፎካካሪዎቹም በ2015 እና በ2016 ተከተሉት። ተደብቆ የኖረው ዋጋ ያን ጊዜ አደባባይ ወጣ። በ2017 አይፎን ቴን 999 ዶላር ሲባል ብዙ ሰው ደነገጠ። 1000 ዶላር ለ36 ወራት ሲከፋፈል በወር 28 ዶላር ገደማ ነውና ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዕዳው ሲያልቅ ሂሳቡም ይቀንሳል። ትናንት ኪሳራ የነበረው አሮጌ ስልክ መያዝ ዛሬ ትርፍ ሆነ ማለት ነው።

ባትሪውም የራሱ ታሪክ አለው። አፕል ባትሪያቸው የደከመ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ በ2017 መጨረሻ አመነ። ቁጣው ሲበረታ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ለ2018 ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደው። ሰዉ ባትሪውን ቀይሮ አሮጌ ስልኩን ያዘ። ቲም ኩክ በጃንዋሪ 2019 ለባለሀብቶች በጻፉት ደብዳቤ፣ ስልክ የሚቀይረው ሰው ላነሰበት ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል የኩባንያዎቹ ድጎማ መቀነስና ይኸው የባትሪ ቅናሽ ይገኙበታል።

እንግዲህ ስልክ መቼ ያረጃል? መልሱ ያለው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። ጉግል በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግ በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ከዚያ በፊት የወጡ ብዙ ስልኮች ግን ዕድሜያቸው ከዚህ በጣም ያጥራል። ቆጠራው የሚጀምረውም ስልኩ ለገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። አፕዴት የቆመበት ስልክ ላይ የባንክ አፖች ውለው አድረው አልሠራም ይላሉ።

እኔ በቆጣቢነቴ ስኮራ ዕዳውን የከፈለው የእህቴ ልጅ ነው። እኛ ስልኩን ይዘን በቆየን ቁጥር አገር ቤት የሚደርሰው የቀረው ዕድሜ እያጠረ ይሄዳል። በጁላይ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እዚያ አዲስ ግዛ ማለት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ስልክ ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱ፦ የአፕዴቱ ዕድሜ ስንት ዓመት ቀረው? ባትሪውስ? ዕዳው ተከፍሎ ከኩባንያው ቁልፍ ተፈቷል? በክፍያ የተወሰደ ስልክ ዕዳው እስኪያልቅ አብዛኛውን ጊዜ የተቆለፈ ስለሆነ፣ የኢትዮ ቴሌኮምን ሲም አይቀበልም። ለእህቴ ልጅ በዚህ ጊዜ የምልክለት ዋጋው መካከለኛ የሆነ፣ ዕድሜው ግን ገና ያልተነካ አዲስ ስልክ ነው። የእኔው አሮጌ እዚሁ ከእኔ ጋር ያርጅ።

ቸር እንሰንብት።