የሻገተ ሸራ እንዴት ይጸዳል?

ክረምቱ አልፎ የመስቀል ፀሐይ ስትወጣ የከብት ቤትዎንና የመኖ ማስቀመጫዎን ሸራ ቀና ብለው ይመልከቱ። በጦር ኃይሎች አካባቢም ሆነ በሌላው የኮልፌ ቀራንዮ ሠፈር ጥቂት ላሞች የሚያረባ ሰው ፋጉሎውን፣ ፉርሽካውንና ድርቆሹን ከዝናብ የሚከልለው ብዙ ጊዜ በሸራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ስለሚበረታ ሸራው ሳይደርቅ ይሰነብታል። በመስከረም ሲታይም በስፌቱና በእጥፋቱ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ አረንጓዴ ዱቄት ወይም ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር በቅሎበት ይገኛል። ይህ ሻጋታ ነው።

ሻጋታ እንዴት ያድጋል?

ሻጋታ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ዘሩ እንደ ብናኝ ደቃቅ ሆኖ በነፋስ ስለሚጓዝ የማይደርስበት ቦታ የለም። ለማደግ የሚፈልገው እርጥበትና ምግብ ነው። ከጥጥ የተሠራ ሸራ ራሱ ምግቡ ስለሆነ ሻጋታው ክሩን እየበላ ያደክመዋል፤ በመጨረሻም ሸራው በእጅ ሲሳብ ይቀደዳል። የላስቲክ ሸራ ግን አይበላም፤ ሻጋታው የሚያድገው በላዩ በተጣበቀው አቧራ፣ ጭቃና የመኖ ብናኝ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ የሚሄድ ጀልባ ዳስም ሆነ የጭነት መኪና ሸራ የሚበላሸው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ ከሸራው ያልፋል

ሸራ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። ከሸራው የሚረግፈው ብናኝና የሚያንጠባጥበው ውሃ መኖው ላይ ሲወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሻጋታ ዐይነቶች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያወጣሉ። የትኛው መርዘኛ፣ የትኛው መርዝ የሌለው መሆኑን በዐይን መለየት አይቻልም። ላሟ መርዝ ያለበትን መኖ ስትበላ ከመርዙ ከፊሉ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ይህ መርዝ ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከሚፈቅደው መጠን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ይህም በይበልጥ ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በጎረቤታችን በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2004 በሻገተ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። ይህ ሁሉ ከሸራ የመጣ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን እርጥበት የያዘ ሸራ ሥር የተቀመጠ ፋጉሎ ለሻጋታ የተመቸ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

አጸዳዱ

1ኛ/ ማራገፍ፦ መጀመሪያ መኖውን ያንሡ። ሸራውን ከመኖሪያ ቤት፣ ከመኖና ከከብቶች ራቅ አድርገው ደጅ ያንጥፉ። አፍንጫዎንና አፍዎን በጨርቅ ሸፍነው፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው በደረቅ ብሩሽ ያራግፉት። በቤት ውስጥ ፈጽሞ አያራግፉ፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳልና።

2ኛ/ ማጠብ፦ ለብ ባለ የሳሙና ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ሁለቱንም ገጽ ይሹ። የሽቦ ብሩሽ ክሩን ስለሚበጥስ አይጠቀሙበት። በብዙ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው እንዶድም እድፍ ያስለቅቃል። ይሁን እንጂ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ እንዳስተዋሉት እንዶድ የውሃ ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ ዓሣንም ይጎዳል። ስለዚህ እጣቢውን ወደ ትንሹ አቃቂም ሆነ ወደ ሌላ ወንዝ አያፍስሱ።

3ኛ/ የቀረውን ማስለቀቅ፦ ለጥጥ ሸራ አንድ እጅ አቼቶ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ደባልቀው ይቀቡት፤ አንድ ሰዓት አቆይተው ይሹትና ያለቅልቁት። ለላስቲክ ሸራ አንድ እጅ በረኪና በዐሥር እጅ ውሃ አቅጥነው ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ከዚያም ደጋግመው ያለቅልቁት። በረኪና የጥጥን ክር ስለሚያደክም ለጥጥ ሸራ አይሆንም።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከከብት ሽንት ጋር አያገናኙ። ሲደባለቁ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ስለዚህ ሽንት በፈሰሰበት ቦታ ላይ በረኪና አይጠቀሙ። እጅዎንም በጓንት ይሸፍኑ።

4ኛ/ ማድረቅ፦ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። ሸራውን በገመድ ላይ ሰቅለው እያገላበጡ በፀሐይ ያድርቁት። ገጹ ቶሎ ቢደርቅም ስፌቱና ጠርዙ ይዘገያሉ፤ ስለዚህ ስፌቱን በጣትዎ ጨብጠው እርጥበት አለመያዙን ሳያረጋግጡ አይጠፉት። ጥቁር ጠባሳ ቢቀር አይጨነቁ፤ ሻጋታው ከሞተም በኋላ ቀለሙ ሊቀር ይችላል። ውሃ የሚያስገባ የጥጥ ሸራ ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ላይ እንደ ሞቀ የንብ ሰም ቢታሽበት ውሃ የመመለስ ኀይሉ ይሻሻላል።

ሻጋታው እንዳይመለስ

ሸራው አዘቅዝቆ እንዲወጠር ያድርጉ፤ ውሃ በመካከሉ አይቋጠር። በሸራውና በመኖው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዉ። ፋጉሎውን ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ አድርገው ያስቀምጡ። በክረምት ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሸራውን ገልጠው ያናፍሱት። እርጥብ ሸራ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ሻጋታን እንደ መዝራት ይቆጠራል።

ፋጉሎው ራሱ ሻግቶ ከተገኘ የሻገተውን ቆርሰው ጥለው የቀረውን ለላም አይስጡ፤ መርዙ ከሚታየው ሻጋታ ውጭም ሊኖር ይችላልና። ለዶሮም አይሆንም። ከከብት ደጅ ርቆ ይቀበር።

የልማት ሠራተኞችም በመስከረም ወር የገበሬውን ደጅ ሲጎበኙ ላሞቹን ብቻ ሳይሆን ሸራውንም ቀና ብለው ይዩ፤ ስፌቱንም ይዳስሱ። ሳሙናውና አቼቶው የተገኘውን ሻጋታ ያነሣሉ፤ እንዳይመለስ የሚያደርገው ግን ማድረቅ ነው። ይህን አንድ ነገር ገበሬው ከያዘ ሸራው ለብዙ ክረምት ያገለግለዋል፤ ልጆቹ የሚጠጡትም ወተት ከአንድ አደጋ ይጠበቃል።