ጾምና የካንሰር መድኃኒት

የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞቴራፒ የጀመረች እኅት፣ «ብጾም መድኃኒቱ ይበልጥ ይሠራልኝ ይሆን?» ብላ ብትጠይቀን ምን እንመልስላት?

በኔዘርላንድ ሐኪሞች ይህንኑ በ131 ሴቶች ፈትነው ውጤቱን በ2020 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ከፊሎቹ ከመድኃኒቱ በፊት ለ3 ቀናትና በመድኃኒቱ ዕለት ሾርባና ሻይን የመሰለ በጣም ቀላል ምግብ ብቻ ወሰዱ፤ ሌሎቹ እንደወትሮው በሉ። በምስል ምርመራ ሲታይ፣ ምግብ ከቀነሱት መካከል ዕጢያቸው የሟሸሸላቸው በዝተው ተገኙ። ዕጢው ፈጽሞ በመጥፋት ረገድ ግን ልዩነት አልታየም፤ ብርቱው የጎንዮሽ ጉዳትም በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። አመጋገቡን እስከ መጨረሻው ዙር የዘለቁት ከ5 ሴቶች 1 ብቻ ናቸው። ስኳር በሽታ ያለባቸው ከመጀመሪያውም አልተካተቱም።

ተስፋ አለ፤ ማረጋገጫ ግን ገና ነው። ደግሞም ይህ ውሃ የሚጠጣበት፣ በሐኪም ዓይን ሥር የሚደረግ አመጋገብ እንጂ የረመዷን ጾም አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ ለበሽተኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ መፍቀዱ እዝነት ነው።

እኅታችን ሆይ! ሐኪምሽን ሳታማክሪ ምግብ አትተዪ። ቤተሰብም «ጹሚ፣ ይሻልሻል» ከማለት ይልቅ ሾርባዋን ያቅርብላት፤ ዱዓም ያድርግላት።